የነቃ አዋቂ

«ሕጉ አዋቂ ይኑር ነው ያለው፤ የነቃ አዋቂ አላለም እኮ!» አለች ታሊያ፣ ከመታጠቢያ ቤቱ በር ኋላ ሆና በስልክ። ከዚያ ከት ብላ ሳቀች። «አትስጊ አልኩሽ፣ ብሪያና። እማማ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ካለፈ በመድፍም አትነሳ። እኛ ጨፍረን ጨፍረን ሊነጋጋ ሲል ስንገባ እሷ ሁለተኛውን እንቅልፍ ጀምራ ነው የምናገኛት። ባትኖር መርከቡ አያሳፍረን፣ ብትኖር ደግሞ አታስቸግረን። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ?»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ቢባልም፣ ቨርኔታ ያን ቅዳሜ ጠዋት የራሷን ሐሜት አንድም ሳይቀር ሰማች። ያጣጠፈቻቸውን ፎጣዎች ታቅፋ በሩ ላይ ደርሳ ነበር። ልታንኳኳ ያነሳችውን እጅ መለሰችው። አላሳለችም፣ አልተቆጣችም፤ ፎጣዎቹን እንደያዘች ዞራ ልብስ ማድረቂያው ላይ አስቀመጠቻቸውና ወጥ ቤት ገብታ የበቆሎ ገንፎው ሥር ያለውን እሳት አጠፋች። ሃያ አንድ ዓመት ያልሞላው ልጅ፣ ሃያ አምስት ያለፈው ሰው አብሮት አንድ ክፍል ካልተኛ በስተቀር መርከቡ እንደማያሳፍረው ገና አሁን ከበሩ ኋላ መስማቷ ነው። አብራት የምትኖረው የልጅ ልጇ ታሊያና ሁለቱ ጓደኞቿ ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። እሷ ስድሳ ስምንት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ ከኋላዋ ስለ ዳሌዋ፣ ስለ መነጽሯ፣ ስለ ፍሬን አያያዟ ያልተባለ አልነበረም። ሁሉንም በመስታወቱ እያየች ትስቅ ነበር፤ የልጅ አፍ ነው፣ ከአውቶቡሱ አብሮ ይወርዳል ትላለች። የዛሬው ግን አልወርድ አላት። 

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ኅዳር፣ በምስጋና በዓል ራት ላይ ነው። ታሊያ ማንኪያዋን አስቀምጣ፣ «እማማ፣ ዕድሜ ልክሽን መርከብ ስትሸኚ ኖርሽ፤ አንድ ጊዜ እንኳ ሌላው ቆሞ አንቺን ቢሸኝሽ ምናለበት? በመጋቢት፣ በጸደይ ዕረፍታችን፣ ከኛ ጋር ነይ!» አለቻት። እውነቷን ነው። የቨርኔታ ቤት ከጋልቬስተን ወደብ ሦስት መንገድ አለፍ ብሎ ነው ያለው፤ የፊት ደረጃው ላይ የተቀመጠ ሰው ከጣሪያዎቹ በላይ የመርከቦቹን ጢስ ማውጫ ያያል። ባሏ ሌስተር፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የመርከብ ገመድ ከምሰሶ ሲፈታና ሲያስር ነው ያረጀው። እሱም እሷም ግን አንድ ቀን ተሳፍረው አያውቁም። ከዚያ ራት በኋላ ቨርኔታ ከሃያ ዓመት ወዲህ የመጀመሪያዋ የሆነ የዋና ልብስ ገዛች፤ ወይን ጠጅ፣ ትከሻው ላይ ዘርፍ ያለው። ለቤተ ክርስቲያን ሴቶች ሁሉ ነገረች፤ አጨበጨቡላት። ለመርከቡ ብቻ ብሎ እንዲህ የሚደሰት የለም። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ጓደኞቿ እያሉላት፣ አያቷን ልውሰድሽ አለቻት። ልጅቷ ፈለገቻት። ቨርኔታ ለሰው ሁሉ ስታወራ የከረመችው ይህንኑ ነበር።

የዚያን ቅዳሜ ቁርስ አብረው በሉ። ታሊያ ገንፎው ላይ ቅቤና የተጠበሰ ሽሪምፕ አድርጋ፣ በአንድ እጇ ስልኳን እየነካካች ትጎርሳለች። ጸጉሯን ነጠላ ነጠላ ጎንጉና ወደ ላይ ጠቅልላዋለች፤ አንገቷ የእናቷ አንገት ነው። ቨርኔታ አየት ታደርጋትና ዓይኗን ወደ መስኮቱ ትመልሳለች። ውጭ የጥር ጉም ከባሕሩ ተነሥቶ ሰፈሩን ሸፍኖታል፤ ማዶ ያለው ቤት እንኳ አይታይም። ከባሕሩ በኩል መግባት ያቃተው መርከብ በየጊዜው ይጮኻል።

«እማማ፣ ዛሬ ነው እኮ የመጨረሻው ቀን» አለች ታሊያ። «እስከ ማታ ያንቺ ካልተከፈለ ክፍሉን ለሌላ ሰው ይሰጡታል። የኛን ከፍለናል።»

«ምን ያስቸኩላል፣ ቀኑ ረጅም ነው» አለች ቨርኔታ፤ ሳህኗን አነሳችና ካፖርቷን ለበሰች። ጸጉር ቤት ቀጠሮ ነበራት።

የኦዜላ ጸጉር ቤት ሁለት ወንበርና አንድ ማሞቂያ ያላት፣ ግድግዳዋ ላይ የሠርግና የቀብር ፎቶ የተቀላቀለባት ክፍል ናት። እዚያ ገብቶ ምክር ሳይቀበል የወጣ ሰው የለም፤ ምክሩ እንደ ሻምፑው ከዋጋው ጋር የተጨመረ ነው። ኦዜላ የጋለውን ማበጠሪያ አንስታ እፍ እያለችበት፣ «በመጋቢት መሄድሽ የምር ነው?» አለች። «አንቺ ሴትዮ፣ ምን ነካሽ? በጸደይ ዕረፍት መርከብ ላይ ሰው ይወጣል? ገንዳው ውስጥ ውሃ አታገኚም፣ ልጅ ብቻ ነው። ሊፍት ውስጥ ገብተው የሁሉንም ፎቅ ቁልፍ ተጭነው ይወርዳሉ፤ ራት ላይ ለመድረስ ከምሳ ሰዓት ጀምረሽ መነሣት አለብሽ። ኮሪደሩ ላይ ሲሯሯጡ፣ ሲዘፍኑ፣ ሲጠጡ፣ ሲያስታውኩ… ዋጋው ደግሞ ሰባት መቶ አርባ! በግንቦት ከኛ ጋር ብትመጪ ሦስት መቶ ዘጠና ነው። ከቤተ ክርስቲያን አሥራ ሁለት ሆነናል። መርከቡ እንደ ቤተ መጻሕፍት ጸጥ ይላል፤ ወንበር ይዘሽ ባሕር እያየሽ ትውያለሽ፣ በጊዜ ትበያለሽ፣ በጊዜ ትተኛለሽ። ያንቺን ቦታ እኔ እይዝልሻለሁ፤ ዛሬ አዎ በይኝ ብቻ።»

ሌላ ቀን ቢሆን ቨርኔታ ትስቅና፣ ምን ላድርግ፣ ልጅቷ አልለቀቀችኝም ትል ነበር። ዛሬ ግን ለኦዜላ የሰማችውን ልትነግራት አሰበችና ተወችው፤ ሆድ ይፍጀው። ኦዜላ ዝምታዋን በሌላ ተረጎመችው። «ግን ምን ታደርጊ፣ ታድለሻላ» አለች ማበጠሪያውን እያስቀመጠች፤ ድምጿ ዝቅ አለ። «የኔዎቹ የልጅ ልጆች ስደውልላቸው እንኳ ስልኩን አያነሱልኝም። ያንቺዋ አብረን እንሂድ ትልሻለች። እኔስ ባልቀና ነው የሚገርመው።» ቨርኔታ መስታወቱ ውስጥ ራሷን አየች። ጸጉሯ ያምር ነበር። ሒሳቧን ቶሎ ከፍላ ወጣች።

መኪናዋ ውስጥ ገና ቁልፉን ሳታዞር ልጇ ሮሼል ከሂውስተን ደወለች። ሮሼል የታሊያ እናት ናት፤ ስትደውል ሁሌም ሌላ ነገር እየሠራች ነው፣ ዛሬም ከኋላዋ የገበያ ጋሪ ይንኳኳል። «እማዬ፣ ከፈልሽ? ጎሽ፣ ዛሬውኑ ክፈይ። አንቺ ባትኖሪ እኮ አልፈቅድላትም ነበር። የዚህ ዘመን ልጅ መርከብ ላይ የሚሆነውን ታውቂያለሽ። የምትጠጣውን እይልኝ፣ ከማን ጋር እንደምትቆም እይልኝ፣ ማታ ማታ አጭር መልእክት ላኪልኝ። ዓይንሽን ከእሷ ላይ እንዳትነቅዪ፣ እሺ እማዬ?» ቨርኔታ እሺ አለች። ስልኩ ሲዘጋ ሞተሩን አስነሣች። ልጅቷ ለሕጉ ፈለገቻት፣ እናቲቱ ለዘበኝነት። ባሕር ትወጃለሽ ወይ ብሎ የጠየቃት ሰው እስካሁን የለም።

ቤቷ ስትደርስ ታሊያ ወጥታለች። ጉሙ ሳስቶ ነበር፤ ዘግይቶ የገባው መርከብ ሰዎቹን እያወረደ ነው። ቨርኔታ እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ ለመርከብ ተጓዦች ግቢዋን ለመኪና ማቆሚያ ታከራያለች፤ ዛሬ መኪናቸውን የሚወስዱት ከዳላስ የመጡ ቤተሰቦች ናቸው። አባትዬው ሻንጣውን እየጎተተ፣ ሦስቱ ልጆች ከኋላው እየተጯጯሁ መጡ። ፊቱ ከሥራ የተመለሰ እንጂ ከሽርሽር የተመለሰ አይመስልም። እንዴት ነበር ብላ ብትጠይቀው፣ «የኔ እመቤት፣ አምስት ቀን ሙሉ አንድ ደቂቃ ጸጥታ አላገኘሁም» አለ። «የገና የትምህርት ቤት ዕረፍት ስለሆነ ልጅ የሌለበት ጥግ የለም። ሁለተኛ በዚህ ሰሞን ብወጣ ከምላሴ ጸጉር!» ከዚያ ወደ መኪናው የፊት ወንበር በአገጩ እያመለከተ፣ «የሚስቴን እናት ግን ጠይቂያት» አለ።

አማቲቱ በቨርኔታ ዕድሜ ያለች ሴት ናት። ሽበቷን እንደ ትንሽ ልጅ በቀጭን በቀጭኑ አስጎንጉና፣ ጫፍ ጫፉ ላይ ባለቀለም ጨሌ አስደርጋለች። መስኮቱን ዝቅ አድርጋ የሆነ ነገር ተናገረች፤ የተሰማው ትንፋሽ ብቻ ነው። ድምጿ ጨርሶ ተዘግቷል። «ዘፈን» አለች እንደምንም በሹክሹክታ፣ ጉሮሮዋን ይዛ እየሳቀች። «በየማታው ከልጆቹ ጋር… ውድድር ነበር… እኔ ሁለተኛ ወጣሁ!» መኪናው ከግቢው ሲወጣ ጨሌዎቿ እየተንኳኩ እጇን አወዛወዘችላት። ቨርኔታ መኪናው ከተሰወረም በኋላ ግቢው ውስጥ ቆማ ቀረች።

ከዚያ ቤቱ ውስጥ ብቻዋን ሆነች። የዋና ልብሷን ከመሳቢያ አውጥታ አልጋው ላይ ዘረጋችው፤ የዋጋው ወረቀት ገና አልተቆረጠም፣ መመለስ ይቻላል። ዛሬ ማታ፣ አልሄድም፣ ብትል ሦስቱም ልጆች አይሳፈሩም። ይህን ስታስብ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጣፈጣት። ብሪያና የተባለችው ልጅ ስልኩን ይዛ ስትጮኽ፣ ታሊያ እግሯ ላይ ወድቃ ስትለምናት ታያት። የነቃ አዋቂ ምን እንደሚመስል ይዩት! ግን ጣፋጩ ብዙ አልቆየም። የሌስተር ወንበር ላይ ሄዳ ተቀመጠች። ሳሎኑ ንጹሕ ነው፤ ምንጣፉ ላይ የመጥረጊያው መስመር ከረቡዕ ጀምሮ እንዳለ ነው፣ የረገጠው የለም። ማቀዝቀዣው ያጉረመርማል፣ ያቆማል፣ እንደገና ያጉረመርማል። ሌስተር በሕይወት እያለ በዚህ ክፍል ከራት በኋላ ነበር ቀኑ የሚጀምረው። ጎረቤቶቹ ይመጣሉ፤ ዶሚኖ ጠረጴዛው ላይ ሲጠፈጠፍ፣ ሲሰዳደቡ፣ ሲሳሳቁ፣ እሷ ዓሣ እየጠበሰች ከወጥ ቤት ሆና ስትመልስላቸው፣ ሰዓት የሚያይ አልነበረም። እሱ ከሞተ አራት ዓመት ሆነው። ሰዎቹም መጀመሪያ ሰሞን መጡ፣ ከዚያ አልፎ አልፎ፣ ከዚያ ቀሩ። የማንም ጥፋት አይደለም። ቨርኔታ ይህን ሁሉ ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ ምን ተብሎ ይነገራል?

ሲመሻሽ ታሊያ ነፋስና ሽቶ ይዛ ገባች። ተለባብሳለች፤ ከንፈሯን ቀብታ፣ የቆዳ ጃኬት ደርባ፣ ቁመቷን በጫማ ጨምራለች። «ብሪያና ልትወስደኝ እየመጣች ነው፣ መሀል ከተማ እንወጣለን። እማማ፣ እስከዚያ ካርድሽን አምጪና እኔ ልሙላልሽ፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።»

«ተቀመጪ» አለች ቨርኔታ።

«እየመጣች ነው እኮ…»

«ትጠብቃታለች። ተቀመጪ አልኩሽ።» ታሊያ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ጠዋት በስልክ ያልሽውን ሰምቻለሁ።»

«ምኑን?»

«የነቃ አዋቂ አላለም ያልሽውን።»

የታሊያ ፊት መጀመሪያ ቀላ፣ ከዚያ አመድ መሰለ። ቀልድ ነው ልትል ትችል ነበር፤ ብሪያናን ለማረጋጋት ብዬ ነው ልትልም ትችል ነበር፤ ቨርኔታም ለሁለቱም መልስ አዘጋጅታ ጠብቃታለች። ልጅቷ ግን ጥፍሯን እያየች፣ «መጀመሪያ የብሪያና ታላቅ እኅት ነበረች የምትመጣው» አለች። «ሥራዋ ፈቃድ ከለከላት። ሌላ ሰው ስንፈልግ… አንቺ ትዝ አልሽኝ።»

«ሌላ ሰው ስትፈልጉ።»

«አዎ።» እንባዋ መጣ። «ውሸት ብነግርሽ ይሻልሽ ነበር?»

«አይሻለኝም። ግን ያኔውኑ፣ እማማ፣ አዋቂ ቸግሮናል፣ ድረሽልን ብትዪኝ ምን ነበረበት? አልመጣም እልሽ ነበር? የዋና ልብስ አስገዝተሽ፣ ለአገሩ ሁሉ ልጅቷ ፈለገችኝ እያልኩ ስለፈልፍ እያየሽ ዝም አልሽ።»

«ታዝኛለሽ ብዬ ነው።»

«ይኸው አዘንኩ» አለች ቨርኔታ። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። «ሌላም ልንገርሽ፣ አብረሽኝ ልታድሪ ከሆነ እወቂው። በሦስት ሰዓት የምተኛው እንቅልፍ ጥሎኝ አይደለም። አያትሽ እያለ ሌሊቱ ሲጋመስ እንኳ ዓይኔ አይከደንም ነበር። አሁን ከራት በኋላ የሚያጫውተኝ ሰው የለም። መብራቱን አጥፍቼ የምጋደመው ምሽቱ እንዲያልቅልኝ ነው። አንዳንዴ አንቺ ስትገቢ እሰማለሁ፤ ጫማሽን አውልቀሽ በእግር ጣትሽ ስትሄጂ እሰማለሁ።»

ታሊያ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።  በመጨረሻ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠርጋ፣ «እንተወው በቃ፣ እማማ» አለች። «ለልጆቹ እኔ እነግራቸዋለሁ። የነሱን ብር ሠርቼም ቢሆን እመልስላቸዋለሁ። አንቺ ከነእትዬ ኦዜላ ጋር በግንቦት ሂጂ። እሱ ነው ለአንቺ የሚሆነው፤ ጫጫታ የለውም፣ ጸጥ ያለ ነው።»

«ጸጥታ?» አለች ቨርኔታ፤ ሳቅ አመለጣት። በእጇ ሳሎኑን ዙሪያውን አሳየቻት፤ ሶፋውን፣ የሌስተርን ወንበር፣ ያልተረገጠውን ምንጣፍ። «ጸጥታማ እዚህ ሞልቶ ተርፎኛል። ቤቴ የተረፈኝን ነገር ሦስት መቶ ዘጠና ዶላር ከፍዬ ባሕር ላይ ልገዛው ነው? በመጋቢት ነው የምሄደው። ሊፍቱንም ያቁሙት፣ ገንዳውንም ይሙሉት፣ ጆሮዬ እስኪደነቁር ይንጫጩብኝ። ግን ተጠንቀቂ፤ ለሕጋችሁ ብዬ አይደለም፣ እናትሽም እንደምታስበው ልጠብቅሽ አይደለም። ለራሴ ነው። የታችኛው አልጋ የኔ ነው። ማታ ማታ ደግሞ ወዴት ነሽ ብላ የምትጠይቀኝ እንዳትኖር።»

«ዳንስ ቤት… ትመጫለሽ እንዴ?» አለች ታሊያ በፍርሃት።

«ደስ ካለኝ እመጣለሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከናንተ የባሰ ጫጫታ ስነዳ ነው የኖርኩት።»

ታሊያ እያለቀሰች ሳቀች። ቨርኔታ መነጽሯን አድርጋ፣ ስልኩን ከልጅቷ እጅ ወስዳ፣ የካርዷን ቁጥር አንድ በአንድ በራሷ ጣት ነካች። ሁለት ደቂቃ የተባለው አሥር ደቂቃ ፈጀ፤ ታሊያም ልርዳሽ አላለችም። ተከፍሏል የሚል ጽሑፍ ሲወጣ ሁለቱም ጎንበስ ብለው አነበቡት። ያኔ ውጭ የመኪና ጡሩምባ ጮኸ።

«ሂጂ፣ አታስጠብቂያት» አለች ቨርኔታ። «ደህና እደሪ።»

ታሊያ ተነሥታ በሩ ጋ ደረሰች፤ እጀታውን ይዛ ቆመችና ዞር አለች። «እማማ፣ አንድ ቀን እንኳ አምሺ ብለሽኝ አታውቂም እኮ» አለች። «ሁልጊዜ ስወጣ ደህና እደሪ ነው የምትዪኝ። አንድ ቀን፣ ዛሬ ቅሪና አብረን እናምሽ፣ ብለሽኝ አታውቂም።»

ቨርኔታ መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች።

«እምቢ ብትዪኝስ ብዬ» አለች። «ፈርቼ ነው።»

ጡሩምባው ሁለተኛ ጊዜ ጮኸ፣ ረዘም አድርጎ። ታሊያ የቆዳ ጃኬቷን አውልቃ የሌስተር ወንበር ላይ ጣለችውና በሩን በሰፊው ከፈተችው። «ብሪያና!» ብላ ወደ መንገዱ ተጣራች፤ ጎረቤቱ ሁሉ ሰማ። «ሞተሩን አጥፊና ግቢ! ዛሬ እዚህ ነው የምናመሸው!»